እጄ ገና አልነቃም

መስከረም 20

ለእታለም፣

ሰላምታውን በዝርዝር ልጻፍ ብል ወረቀቱ ያልቃል፤ ከነምርቃቱ ደርሶኛል በይና እንለፈው። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። የኋላው በር ሲከፈት እንደ ድሮው ይጮኻል። ዘይት ቀባው ብለሽኝ ነበር፣ አልቀባሁትም። እሱም ዝም ካለ በዚህ ቤት ማን ያወራኛል?

ለምን ሁለት ወር እንደ ጠፋሁ፣ ደብዳቤዬስ ለምን እንዳጠረ ጠይቀሻል። መልሱን ታውቂዋለሽ፤ እጄ ገና አልነቃም። እማዬ ይህችን ቃል ስትናገር ለሁለት ሰነፍ ልጆች መደበቂያ እንደምትሆን መቼ አሰበች? ጠዋት ቁርስ ስጪን ስንላት "እጄ ገና አልነቃም፤ ራሳችሁ ቁረሱ" ትለን ነበር። እኛ ደግሞ ሳህን ላለማጠብ፣ አልጋ ላለማንጠፍ እንጠቀምባት ጀመር። አንቺማ የቤት ሥራ ሳትሠሪ ሄደሽ ለአስተማሪሽ "እጄ ገና አልነቃም" ብለሽው ወላጅ አምጪ ተባልሽ። ወላጅ ሆኜ የመጣሁት እኔ ነበርኩ፣ ያውም ጢሜ እንኳ በቅጡ ሳይወጣ።

ስለ ሥራዬ ላልሽው፣ መጠረዣ ቤቴ እንዳለ ነው። የፍርድ ቤቱ አሮጌ መዝገቦች መጥተውልኛል፤ ሠላሳ ስምንት ናቸው። ጀርባቸው ተገንጥሏል፣ ክራቸው በስብሷል። ድሮ በሳምንት አምስት እጠርዝ ነበር፤ አሁን ሁለት ከወጣልኝ ጎበዝ ነኝ። የሙጫውን ጣሳ የሚከፍትልኝ ጎረቤቴ ማኅተም ቀራጩ ነው። "ይህን ክዳን ማን እንዲህ አጠበቀው?" እያለ ይነጫነጫል። "ትናንት አንተው" እለዋለሁ።

ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ "እህቴ የሰው ጉልበት ታሳድጋለች" እያልኩ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ በደንብ አስረጂኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 8

ለወንድም ጋሼ፣

ምርቃቱ ደርሶኛል፤ ሰላምታው ግን መንገድ ላይ ሳይቀር አልቀረም። እባክህ ጉልበት ታሳድጋለች ብለህ አታውራብኝ፤ የስፖርት አስተማሪ ያደርጉኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልበትም ይሁን ጣት፣ አጥንትና አጥንት የሚገናኝበት ቦታ ውስጡ ገበር አለው። እንደ ኮት ገበር ስስ ነው፤ ከሁለት ከሦስት ረድፍ ሕዋስ አይበልጥም። ሥራው መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ማዘጋጀት ነው። ብግነት በያዘው ሰው ላይ ግን የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብለው ይሳሳታሉ። ገበሩ ውስጥ ይሰፍሩና መልእክት መላላክ ይጀምራሉ። መልእክታቸው ትንንሽ ፕሮቲን ነው፤ "ጠላት ገብቷል፣ ድረሱ" ይላል። የሰማው ሁሉ ያንኑ ይደግማል። ገበሩ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳው ልም አጥንት ላይ ይወጣል። ልም አጥንት ደግሞ የተያዘው ኮላጅን በሚባል ክር ነው፤ ገበሩ ያን ክር የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይረጭበታል።

እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ የማሳድገው ከሕመምተኞች በቀዶ ሕክምና የወጣውን ያንን ገበር ነው። ምን እንደሚገርመኝ ታውቃለህ? ሕዋሱ ከሰውየው ወጥቶ፣ እዚያ ብቻውን ተቀምጦ፣ አይዞህ ባይ ሳይኖረው እንኳ መቁረጡን አይተውም። ሰዉ ሁሉ ታርቆ ከተበተነ በኋላ ብቻውን የሚሳደብ ሰው አለ አይደል? እንደሱ ነው።

እማዬን ለምን በደብዳቤዎቼ እንደማላነሳ ከዚህ በፊትም ጠይቀኸኛል። ሦስተኛህ ነው፣ ስለዚህ ልመልስልህ። እናፍቃታለሁ፣ ግን ቅር ይለኛል። የልጅነቴን ጠዋት ሳስብ የሚመጣብኝ ያንተ እጅ እንጂ የእሷ አይደለም። ጸጉሬን የምትጎነጉንልኝ አንተ፣ ጫፉን በመጠረዣ ክር የምታስርልኝ አንተ፣ ቁልፌን የምትቆልፍልኝ አንተ። እሷ ወረቀት የምታጥፍበትን ማተሚያ ቤት የከሰዓት በኋላ ፈረቃ እንዲሰጣት ጠይቃ ነበር፤ ጠዋት መነሳት ስለምትጠላ ይመስለኝ ነበር። ሰባት ዓመቴ እያለ አልጋዋ ላይ ወጥቼ እጇን ብይዛት መንጭቃኝ "አትንኪኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ሳንባዋን ታማ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ረስቻለሁ፣ ያቺን ጩኸት ግን አልረሳሁም። እናት ልጇን አትንኪኝ ትላለች?

ቶሎ ጻፍ። እጄ አልነቃም የሚለውን ምክንያት ከእንግዲህ አልቀበልም።

እህትህ


ኅዳር 15

ለእታለም፣

ስለ እማዬ የጻፍሽውን አንብቤ መጠረዣውን ዘግቼ ወጣሁ። እስከ ወንዙ ድልድይ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። አሁን የምነግርሽን ላለመናገር ምዬላት ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ይበቃል።

እማዬ እጇን ታማ ነበር። አንቺ ስትወለጂ ጀምሯታል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይታጠፉም፤ ብርጭቆ መያዝ አትችልም። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት እጇን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ትቀመጥ ነበር። እኛ ሳንነሳ ልብሷን የለበሰች ይመስልሽ የነበረው፣ ማታ ለብሳው ስለምትተኛ ነው፤ ጠዋት ቁልፍ መቆለፍ ስለማትችል። "እጄ ገና አልነቃም" ቀልድ አልነበረም እኮ። እውነቷን ነበር። እኛ ስንስቅ ጊዜ እሷም ሳቀች፣ በዚያው ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ያን ቀን እጇን ስትይዢያት እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንቺ ከወጣሽ በኋላ ስታለቅስ አገኘኋት። "ንገራት" ስላት "እንዳትነግራት፤ ትንሿ ልጄ እጄን መያዝ ትፈራለች" አለችኝ። እንግዲህ እሷ የፈራችው እንዳትፈሪ ነው፣ አንቺ ደግሞ የማትወድሽ መሰለሽ። አትፍረጂባት፣ እታለም። ሕመሙ ሲብስ የሌላ ሰው እጅ ቀርቶ ብርድ ልብሱ ጣትሽን ሲነካሽ እንባሽ ይመጣል። ከአልጋ ስትወርጂ የመጀመሪያው እርምጃ ጠጠር ላይ እንደመርገጥ ነው።

የገበሩን ነገር ተረድቼዋለሁ። ክሩ ከተቆረጠ የመጽሐፉ ቅጠል ይበተናል፤ ይህን ለጠራዥ አታስረጂም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ለራሴ አይደለም። ለመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ነው፤ ጣቱ ሥር ሥሩን አብጦበታል። ብርድ ነው ቁርጥማት ነው ይለዋል። እንዲህ ያለው ነገር በራሱ ጊዜ ይተዋል?

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ወንድም ጋሼ፣

የመዝገብ ቤቱን ጸሐፊ ሰላም በልልኝ። እንዲህ የሚባል ሰው የለም።

ብርድ ልብሱ ሲነካህ እንባህ እንደሚመጣ እማዬ ለአንተ አልነገረችህም፤ እሷ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አትናገርም። ጠጠሩንም እንደዚሁ። ደብዳቤህን እንደ ጨረስኩ ሳጥኑን አወረድኩና የሁለት ዓመት ደብዳቤህን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። "እጄ ገና አልነቃም" አሥራ አራት ጊዜ ጽፈሃል። አሥራ አራት ጊዜ ስቄያለሁ። አንዷንማ ለሥራ ባልደረቦቼ አንብቤላቸው አብረን ነው የሳቅነው። ሌላ ማንም ሕመምተኛ ይህን ዓረፍተ ነገር ቢልከኝ ምን ማለት እንደሆነ ሳልቀመጥ አውቀው ነበር። የእኛ ቤት ቀልድ ስለሆነ ብቻ ዓይኔ እያየ አለፈኝ። ቀን ሙሉ የማላውቀው ሰው ገበር ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ፣ የገዛ ወንድሜ በግልጽ አማርኛ ሲጽፍልኝ ግን አልሰማሁትም። በራሴ አፍሬያለሁ።

አሁን ስማኝ። በራሱ ጊዜ አይተውም። ያ "ድረሱ" የሚለው መልእክት በደም ውስጥ የሚበዛው ንጋት ላይ ነው፤ ጠዋት እጅህ የሚደርቀው ለዚህ ነው፣ ብርድ አይደለም። ባለፈው ያልጻፍኩልህ ነገርም አለ። አጥንት የሚበሉ ሕዋሳት አሉ። በጤና ጊዜ አሮጌውን አጥንት ጠርገው ለአዲሱ ቦታ ያስለቅቃሉ፣ ሠርተው ሲጨርሱም ያርፋሉ። በዚህ በሽታ ጊዜ ግን ያበጠው ገበር ብሉ ብሉ ይላቸዋል፣ በቃ የሚላቸው የለም። እብጠቱን መድኃኒት ይመልሰዋል። የተበላውን አጥንት ግን የሚመልስ መድኃኒት እኔም የለኝም፣ የማውቀውም ሰው የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ የምታሳልፈው ወር ከጣትህ ላይ ነው የሚቆረጠው።

እባክህን፣ እለምንሃለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት ሐኪም ቤት ሂድ። መዝገቦቹ ሠላሳ ዓመት ተቀምጠዋል፣ አንድ ወር ቢጨመርባቸው አይሞቱም።

እማዬን ደግሞ... ስለ እሷ አሁን መጻፍ አልችልም።

እህትህ


ታኅሣሥ 12

ለእታለም፣

አልሄድኩም። አትቆጪ፣ ጨርሰሽ አንብቢ።

መጀመሪያ መዝገቦቹን ምክንያት አደረግኩ። ቀጥሎ ማኅተም ቀራጩ የሰጠኝን ቅባት ሞከርኩ፤ ከሽታው በቀር ምንም የለውም። ከዚያ እማዬ መጨረሻ አካባቢ ትወጋው የነበረው መርፌ ትዝ አለኝ። ፊቷ አብጦ ሌላ ሰው መስላ ነበር፤ አንቺ "አክስቴ ናት?" ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ይህን ሁሉ ልጽፍልሽ ነበር፣ እውነተኛው ግን አይደለም።

እውነተኛውን ልንገርሽ። ትልቅሽ ሆኜ መቆየት ፈልጌ ነው። ያንቺ ዓለም በሕመምተኛ የተሞላ ነው። ወንድምሽ ግን አንድ ነው፤ የጎነጎነሽ፣ ወላጅ ሆኖ የመጣልሽ። ስለ ሳህኑ የጻፍሽልኝን ሳነብ፣ አንድ ቀን ማጉያ መነጽር ላይ አቀርቅረሽ የእኔን ገበር ስታዪ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ስትጽፊልኝ ለእኔ ይሁን ለጣቴ የምትጽፊው እንዴት አውቃለሁ? ሞኝነት መሆኑን አላጣሁትም። ሰው ግን በሞኝነቱ ሁለት ዓመት ሊኖር ይችላል።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ይህን የምነግርሽ ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ ፊደሌ ለምን እንደተለወጠ እንዳትጠይቂኝ ብዬ ነው፤ ብዕሩን በሌላ ጣት ይዤው ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 21

ወንድም ጋሼ፣

ሳህኖቹ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ነው ያለው። ዘጠኝ ዓመት እንደ ቁጥር ሳያቸው ኖርኩ። ደብዳቤህ ከመጣ ወዲህ ግን እያንዳንዱን ሳነሳ "ይሄስ የማን ወንድም ይሆን?" እላለሁ። ሥራዬ ተበላሽቷል፣ ወይም ገና አሁን ተስተካክሏል፤ አላውቅም። አንተን በተመለከተ ግን አትስጋ። የፈለገ ብትታመም ስትነጫነጭ አውቅሃለሁ፤ ከወንድሜ በቀር ማንንም አትመስልም።

የመርፌውን ነገር ደግሞ፦ ያኔ ሌላ ነገር ስላልነበረ ለረጅም ጊዜ በብዙ ነበር የሚሰጡት። ዛሬ ቢሰጡህም ለጥቂት ጊዜ በጥቂቱ ነው። ዋናው መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ፊትህን ማንም አይቀይርብህም።

ሐኪሙ መቼ ጀመረህ ሲልህ "በቅርቡ" እንደምትል አውቃለሁ። ስለዚህ አሥራ አራቱንም ዓረፍተ ነገሮች ከነቀናቸው ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። መጀመሪያው የካቻምናው ኅዳር 3 ነው፤ "ዛሬ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ አለኝ፣ እጄ ገና አልነቃም።" አምስተኛው፣ "ቁልፉን በሁለት እጄ አዞርኩት፣ እጄ ገና አልነቃም።" ዘጠነኛው ላይ ማኅተም ቀራጩ ሸሚዝህን እንደ ቆለፈልህ ጽፈህ ስቀሃል። እኔም ስቄያለሁ። ወረቀቱን ስጠውና ዝም በል።

እህትህ


ጥር 18

ለእታለም፣

ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ስትጽፍ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች። መቼ እንደ ጀመረኝ ስትጠይቀኝ "ሦስት ወር ይሆነዋል" ብዬ ጀምሬ ነበር። ከዚያ አፈርኩና ወረቀትሽን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችው። "ይህን የጻፈው ማነው?" አለችኝ። "እኔ" አልኳት። "ለማን?" "ለእህቴ።" "ሥራዋ ምንድን ነው?" "የመገጣጠሚያ ብግነት ነው የምታጠናው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ እሷን ብሆን እስቅ ነበር።

ደም ቀዱኝ፣ ራጅ አነሱኝ። ራጁን መስኮት ላይ ለጥፋ አሳየችኝ። የቀኝ እጄ አመልካች ጣትና የመሐል ጣት ሥራቸው ላይ አይጥ እንዳገኘው መጽሐፍ ጠርዙ ተሸራርፏል። "እነዚህ ሁለቱ አይመለሱም" አለች። የሌሎቹ አጥንት ገና አልተነካም። ሦስት ወር ብያት ብቀር ኖሮ በትንሹ ልትጀምርልኝ እንደነበር ነገረችኝ፤ ቀኖቹን ካየች በኋላ ግን መጠኑን ቶሎ ቶሎ እንደምትጨምር፣ በየወሩም እንደምታየኝ ወሰነች።

ክኒኑን ዛሬ ዋጥኩ። ሁለቱ ጣቶች ክር መሳቢያዎቼ ነበሩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አዝኛለሁ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የመጣሁት፤ ሰው የሚያይብኝ ይመስል።

ወንድምሽ


ግንቦት 25

ለእታለም፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰዋል። "ለውጥ አለ?" ለሚለው ለሦስቱም በአንድ ላይ ልመልስ።

አሥር ሳምንት ምንም አልነበረም። ሐኪሟን ታገሥ ስትለኝ በሆዴ ሰደብኳት። በአሥራ አንደኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ማኅተም ቀራጩ እንደ ልማዱ የሙጫውን ጣሳ ሊከፍት መጣ፤ ከፍቼው አገኘው። እዚያው ቆመ። "ታዲያ እኔ አሁን ምን ልሥራ?" አለኝ። ቁጭ በል፣ አውራኝ አልኩት። አሁን በየቀኑ እየመጣ ያወራኛል፤ ሥራ አስፈታኝ።

እብጠቱ ወርዷል። ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ይከብደኛል፣ ከዚያ ይለቀኛል። ከመዝገቦቹ ሃያ ስድስቱን ጨርሻለሁ። ክሩን አሁን በአውራ ጣቴና በቀለበት ጣቴ ነው የምስበው። ስፌቴ ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል፤ ከእኔ በቀር ግን የሚያውቅበት የለም። አሁን አንቺም አወቅሽ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።

እመጣለሁ ያልሽው እውነት ነው? በየዓመቱ ነው የምትመጪው፣ በደብዳቤ።

ወንድምሽ


ሰኔ 6

ለወንድም ጋሼ፣

መጀመሪያ በደብዳቤህ ጠርዝ ላይ በትንንሽ ፊደል ለጻፍካት ጥያቄ ልመልስ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለመጠየቅ ፈርተህ እንደቆየህ ከፊደሉ ያስታውቃል።

አዎ። እማዬ ዛሬ ብትሆን ኖሮ፣ በጊዜ ቢደርሱላት፣ ጣቶቿ ይተርፉ ነበር። እርግጡን የሚናገር ሐኪም የለም፣ እኔ ግን እንደዚያ ነው የማምነው። ብዙ ለማስተዛዘን ሞክሬ ነበር፤ አራት ወረቀት ቀደድኩ። አትዋሺኝ ስላልከኝ አልዋሸሁህም። ያን ክኒን ያኔ የሚያዝላት ሰው አልነበረም። አንተ ነበርክ፤ ውኃውን የምታሞቅላት። ልጅ ነበርክ፣ የቻልከውን ሁሉ አድርገሃል። እኔ ደግሞ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቀይሜያት ኖርኩ። ቂሙ ወጥቶልኛል፤ በቦታው የገባው ናፍቆት ግን ከቂሙ ይብሳል። በማተሚያ ቤቱ መስኮት አጮልቄ ሳያት ወረቀት ስታጥፍ የነበረው ፍጥነቷ ትዝ ይለኛል። ከሰዓት በኋላ እንዴት ፈጣን ነበረች!

አሁን የምመጣው በደብዳቤ አይደለም። የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ቅዳሜ አውቶቡሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል። ድሮ ቢሆን ከቤት አትውጣ፣ ዕቃ አትንካ፣ አትልፋ እልህ ነበር። አሁን ግን ለራስህ እየተነጫነጭክ መናኸሪያ ድረስ ና።

ሐኪሟ እስከ ስምንት ኪሎ ብቻ አንሳ እንዳለችህ ጽፈህልኝ ነበር። ሻንጣዬን ላቦራቶሪ ወስጄ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ዘጠኝ ሆነብኝ። ሁለት ጫማና አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣሁ። አሁን ሰባት ተኩል ነው።

ሻንጣዬን አንተ ትይዝልኛለህ።

እህትህ